አሥራ አንደኛዋ ቅጠል

ያለምወርቅ ለራሷ የምትፈራው ነገር አልነበራትም፤ ፍርሃቷን ሁሉ ለልጅ ልጇ አውላው ነበር። ነፋሱን ትፈራለች፣ ጠሉን ትፈራለች፣ ከአውድማ የሚቦነውን እብቅ ትፈራለች። የሻረግ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ ከልቧ ከሳቀች እንኳ ከጓዳ ብቅ ትልና «በልኩ ሳቂ፣ በልኩ» ትላታለች። ጎረቤቶቿ በዚህ ይቀልዱባታል። አንዷማ፣ ያለምወርቅ ከቀትር በኋላ ልጅቷን ከኋላ አትከተላትም፣ ጥላዬ ረዝሞ ያደናቅፋታል ብላ ትሰጋለች እያለች በየሰርጉ ታስቅባት ነበር።

ሰው ይሳቅ እንጂ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። የሻረግ እናቷ በወሊድ ሞታባት በአያቷ እጅ ያደገች፣ ዳንግላ ዘመድ ቤት ተቀምጣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። እጅ ጽሑፏ ያማረ ስለሆነ አቤቱታ የሚያስጽፍ ሰው ሁሉ ከደጃቸው አይጠፋም። ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደረቷን ይይዛታል። ታኅሣሥ ገብቶ የእንጅባራ ውርጭ መስኩን ሲያነጣው ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲር ሲር ይላል፤ ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚያስታግሳት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ከእንጅባራ በታች፣ ምንጭ ከሚፈልቅበት ከጎድጓዳው ዱር ውስጥ፣ ጥላ ካጠላበት ድንጋይ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቅጠል ትበቅላለች። ሥሯ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በማር ይላሳል። ያለምወርቅ ይህችን ቅጠል ያወቀቻት ከእናቷ ነው፤ እናቷም ከእናቷ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ጎህ ሲቀድ፣ በመንገድ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ሄዶ መቁረጥ። ስሟን ለሌላ የነገረ እንደሆነ ግን መድኃኒቱ ይሻራል፤ ኃይሉ ከሥሩ ወጥቶ ተራ አረም ሆኖ ይቀራል። እናቷ ይህን የነገረቻት ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት፣ አፏን ከጆሮዋ ገጥማ፣ በአውንጊ ቋንቋ ነበር። ያለምወርቅም ይህ ነገር እስከሆነበት ዓመት ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የሻረግ ራሷ ከማሩ ጋር ምን እንደምትልስ አታውቅም።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል አልፎ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ ውቤ የሚባል ጎልማሳ ከእርሻ ኮሌጅ ተልኮ መጣ። የዳንግላ ልጅ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ጫማው ከእሱ በፊት ያረጀ። ማረፊያውም የደብሩ ቄስ የአባ ገብረ ማርያም ቤት ሆነ። ይዞት የመጣው ዕቃ ሁሉን አስገረመ፤ አንድ ጥቅል ገመድ፣ ሁለት ጣውላ፣ አንድ ክምር አሮጌ ጋዜጣ። ሰው ጋዜጣ ሊያነብልን ነው ብሎ ተሰበሰበ። እሱ ግን ከአጥር ሥር አንድ ቅጠል ቆርጦ በጋዜጣው መሃል አጋደመና በሁለቱ ጣውላዎች መካከል አድርጎ ጥብቅ አድርጎ አሠረው። አንድ ሽማግሌ፣ መንግሥት እንግዲህ ቅጠልንም ማሰር ጀመረ ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ውቤ የተላከው ሁለት ዱሮችን ሊያመዛዝን ነበር። አንዱ ከእንጅባራ በላይ፣ ነፋስ የማይለየው ዳገቱ ዱር ነው። ሁለተኛው ጎድጓዳው። በእያንዳንዱ የሚበቅለውን ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ቅጠል ዓይነት በዓይነት መዝግቦ፣ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ልካቸውን ማግኘት አለበት። ለዚህም የሚጽፍለት ሰው ፈለገ፤ አባ ገብረ ማርያም የሻረግን ጠሩለት።

ያለምወርቅ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አባ ቤት ሄደች። ዱር ውስጥ ነብር እንዳለ፣ እርጥበት እንዳለ፣ ልጅቷ ደረቷን እንደሚይዛት ዘረዘረች። ውቤ ተነሥቶ እጅ ነሥቶ አዳመጣትና፣

«እማማ፣ አይስጉ፤ እኔ ከአጠገቧ አልለይም» አላት።

«እሱማ ሁለተኛው ስጋቴ ነው» አለች ያለምወርቅ።

አባ ገብረ ማርያም ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ደበቁ። ነገሩም በዚሁ ተቋጨ፤ ልጅቷ ትጽፋለች፣ አያቷም አብራ ትሄዳለች። ውቤ ትልልቁን ዛፍ ከመጽሐፍ ቢያውቅም ትንንሹን ሁሉ የሚያውቅለት ያገር ሰው ስለሚያስፈልገው፣ ይህ ለእሱም በረከት ሆነለት።

መጀመሪያ ዳገቱን ያዙ። ውቤ ገመዱን በአራት ማዕዘን ይዘረጋል፤ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይጠይቃል፤ ያለምወርቅ ትመልሳለች፤ የሻረግ ትጽፋለች። ኮሶ፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ቀርቀሃ፣ ግራዋ፣ ብሳና፣ ቀጋ። አንዱን ካሬ ሲጨርሱ ሌላ ይዘረጋሉ። ለማዕድ ሲቀመጡ ያለምወርቅ ልኩ እንዴት እንደሚገኝ ጠየቀችው። አባቷ መሪጌታ ስለነበሩ ዳዊት ደግማለች፣ ቁጥርም አይጠፋባትም፤ ያልገባትን ነገር ስታይ ደግሞ ትጨነቃለች።

ውቤ ትንሽ አሰበና በስንት ማኅበር እንደምትጠጣ ጠየቃት። በሁለት አለችው፤ በማርያምና በሚካኤል። የማርያሙ አሥራ ሁለት ሰው ነው፣ የሚካኤሉ ስምንት። በሁለቱም የሚጠጡት አራት ናቸው።

«እንግዲያው አራቱን እጥፍ ያድርጓቸው፤ ስምንት ሆኑ። የሁለቱን ማኅበር ሰው ይደምሩ፤ ሃያ። ስምንት ከሃያ፣ ከመቶ አርባ ማለት ነው። የሁለቱ ማኅበሮችዎ መመሳሰል ይኸው ነው። ሁላችሁም በሁለቱም ብትጠጡ መቶ ይሞላ ነበር፤ አንድም የጋራ ሰው ባይኖር ባዶ።»

«አራቱ ለምን እጥፍ ይሆናሉ?»

«በሃያው ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለተቆጠሩ ነዋ። አንዴ በማርያም፣ አንዴ በሚካኤል።»

«ሁለት ጽዋ ስለሚጠጡ» አለች ያለምወርቅ፤ ነገሩ ገባት። ቀኑን ሙሉም በልቧ የምታውቃቸውን ማኅበሮች ሁሉ ስታመዛዝን ዋለች። የማርያሙና ያቺ የምትቀልድባት ጎረቤቷ ያለችበት የገብርኤሉ ማኅበር አንድም የጋራ ሰው እንደሌላቸው ስታገኝ ደስ አላት።

በአምስተኛው ቀን ወደ ጎድጓዳው ወረዱ። ያን ዕለት ያለምወርቅ እንቅልፍ ሳይወስዳት አድራ ነበር። የሚያስጨንቃት ነብሩ አልነበረም። ጎድጓዳው ዱር የእናቷ ጓዳ ነው። ለምች የሚሆነው፣ ለሆድ የሚሆነው፣ ላበደ ውሻ ንክሻ የሚሆነው፣ ለፈረስ ቁስል የሚሆነው፣ ሁሉም እዚያ ምንጩ ዳር ነው ያለው። መንግሥት የቆጠረውን ሳይወስድ ቀርቶ ያውቃል? ላሙን ቆጥሮ ግብር ጣለበት፤ መሬቱን ለክቶ ግብር ጣለበት። ቅጠሉንስ ቢሆን ለደግ ይቆጥረዋል? ደግሞስ የተነገረ መድኃኒት ምን መድኃኒት ይሆናል?

ስለዚህ መንገዱን እሷ መራች። ውቤ ወደ ምንጩ ገመዱን ሊዘረጋ ሲል፣ እዚያ ረግረግ ነው፣ ባለፈው ዓመት በሬ ዋጠ አለችው። በሬውን ያኔውኑ ነው የፈጠረችው። ከድንጋዮቹ አጠገብ እባብ አለ አለችው። ሁለት ሦስት ጊዜ ካሬው ከልክ በላይ ሲጠጋባት፣ እሱም ተንበርክኮ አንዲት ቅጠል በጣቱ ሲነካ፣

«ሣር ነው ልጄ፣ እለፈው» ትለዋለች።

እሱም ያልፋል። የሻረግም «ሣር» ብላ ትጽፋለች። ያለምወርቅ ያን ማታ ከዱር ስትወጣ እንደ ጥሩ ዘበኛ ልቧ ረክቶ ነበር።

ሥራው ሲያበቃ ውቤ በአባ ገብረ ማርያም ግቢ፣ ከግራሩ ጥላ ተቀምጦ አሰላ። በዳገቱ አርባ አንድ ዓይነት፣ በጎድጓዳው ሠላሳ ዘጠኝ፣ በሁለቱም የሚገኘው ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ስድስቱ እጥፍ ሲሆን ሰባ ሁለት፣ የሁለቱ ዱሮች ድምር ሰማንያ። ከመቶ ዘጠና።

እርሳሱን አስቀመጠ። ያለምወርቅ ቁጥሩ መልካም ይሁን ክፉ ከፊቱ ልታነብ ሞከረች፤ አልቻለችምና ጠየቀችው። እሱም እስከዚያ ለአገሩ ሹም ለምስለኔው ብቻ ያሳየውን ደብዳቤ ከኪሱ አወጣ። የጣውላ መሰንጠቂያ ሊተከል ነው። ሁለቱ ዱሮች ከመቶ ሰማንያና ከዚያ በላይ ከተመሳሰሉ፣ በአንዱ ያለው በሌላው አለ ማለት ነውና ትንሹ ዱር ለመሰንጠቂያው ይሰጣል። ከሰማንያ በታች ከሆነ ግን ሁለቱም ይጠበቃሉ። ትንሹ ዱር ጎድጓዳው ነው።

«በጎድጓዳው የተለየ ነገር አገኛለሁ ብዬ ነበር» አለ ውቤ። «ምንጭ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ እንደዚህ አይደለም። ግን ሦስት ብቻ ሆኑ የተለዩት።»

ያለምወርቅ ገመዱን ማን እንዳራቀው፣ ማን «ሣር ነው» እንዳለ ታውቃለች። የእናቷን ጓዳ ከሌባ ልትጠብቅ ቁልፉን ለሌባ አቀብላ ተመለሰች።

ወረቀቱ መቼ እንደሚላክ ጠየቀች። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ አውቶቡስ ሲያልፍ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም። የሻረግ ሆድሽን አሞሽ እንደሆነ ብላ ስትጠይቃት፣ አንቺ ነጠላሽን ደርቢ ትላት ነበር። በሦስተኛው ቀን ለንስሐ አባቷ ለአባ ገብረ ማርያም ነገሩን ሁሉ ዘረገፈች፤ የተነገረ መድኃኒት በእውነት ይሻር እንደሆነም ጠየቀቻቸው። አባ መቁጠሪያቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። ቅጠሉን የፈጠረ አምላክ ስሙ ስለተጠራ አይቀየምም፣ በዳዊትም በወንጌልም እንዲህ የሚል አላየሁም አሏት።

«እንግዲያውስ አባ፣ እርስዎ ለእባብ ንክሻ የሚሰጧት ቅጠል ማን ትባላለች?»

አባ ገብረ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠራርገው መቋሚያቸውን ፍለጋ ተነሡ።

ያለምወርቅ እንዲህ ብላ ቆረጠች። ከጎድጓዳው መድኃኒቶች አሥሩን ሌሎች አዋቂዎችም በየፊናቸው ያውቋቸዋል፤ ግማሽ ምሥጢራቸው ከወጣ ቆይቷል። እነሱን ትናገራለች። አሥራ አንደኛዋን ግን አትናገርም። ለሆድ ቁርጠት ሌላ ቅጠል ይገኛል፤ ለየሻረግ ትንፋሽ ግን ሌላ የለም።

ውቤን ወደ ጎድጓዳው ይዛው ወረደች። እባብ አለበት ባለችው ድንጋይ ላይ ራሷ ተቀመጠች፣ በሬ ዋጠ ባለችው መሬት ላይ በእግሯ ቆመች፤ እሱም አይቶ ገመዱን ይፈታ ጀመር። አሥሩን አንድ በአንድ አሳየችው፤ ስማቸውን ስትጠራ ድምፅዋ እንደ ኑዛዜ ዝቅ ይል ነበር። የሻረግ ጻፈች፤ ውቤ ከነአበባቸው በጋዜጣ መሃል አጋደማቸው።

ነገር ግን ልጁ ሥራውን የሚወድ ነውና፣ አሥሩ በዳገቱም ያሉ እንደሆነ ሳይፈልግ መጻፍ እንደማይችል ነገራት። እዚያም ከተገኙ ልዩነት መሆናቸው ቀርቶ መመሳሰሉን ይጨምሩታል። ሁለት ቀን ሙሉ ዳገቱን ድንጋይ በድንጋይ ፈተሹ። ያለምወርቅ ከኋላው እየተከተለች በጎነበሰ ቁጥር አብራው ትጎነብስ ነበር። አንዱም አልተገኘም፤ ነፋሱና ፍየሉ ለስላሳ ቅጠል የማይተውበት ቦታ ነው።

ረቡዕ ማታ ውቤ እንደገና አሰላ። የጎድጓዳው አርባ ዘጠኝ ሆነ፤ ከዳገቱ ጋር ዘጠና። ሰባ ሁለት ከዘጠና። አንዴ አሰላ፣ ደግሞ አሰላ፤ ከዚያም ወረቀቱን ወደ የሻረግ ገፋላት። እሷም አሰላችው። ልክ ሰማንያ።

«ሰማንያና ከዚያ በላይ ነው የሚለው» አለ ውቤ ቀስ ብሎ። «አንዲት ብቻ ጎደለችን፣ እማማ። አንዲት ሌላ ብትኖር ወደ ሰባ ዘጠኝ ይወርድ ነበር።»

ያለምወርቅ ቤቷ ሄዳ በነጋታው ጠዋት አንዲት ቅጠል ይዛ ተመለሰች። ከጎድጓዳው አገኘኋት፣ ያን ዕለት ስተናት ነው አለች። ሽታዋ የሚጥም፣ ያማረች ቅጠል ናት። ውቤ ተቀብሎ ወደ ጋዜጣው ሲያስገባ የሻረግ እርሳሷን አስቀመጠች። ቅጠሏን ዳንግላ ሱቅ ያላት ወዳጃቸው ራሂማ ለአያቷ የላከችላት መሆኗን ታውቃለች።

«እምዬ» አለቻት በለሆሳስ፣ «ይህችን እኮ ትናንት ከጓሮ ውሃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ።»

ያለምወርቅ መሬት መሬቱን አየች። ውቤ ቅጠሏን በሁለት እጁ መለሰላት።

«እኔም ልጽፋት እወዳለሁ፣ እማማ። ግን አንዲት የሐሰት ቅጠል ከገባች የቀሩትን አርባ ዘጠኝ ማን ያምነኛል?»

ቁጣ ቢሆን ኖሮ ትቋቋመው ነበር። ልጁ ግን የተናገረው እያዘነላት ነው።

ያን ቀን ያለምወርቅ ሌላ ሐሳብ አወጣች፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው በልቧ ጥግ ተቀምጦ የነበረ ሐሳብ ነው። የቅጠሏ ሥር በደንብ ከደረቀ አምስት ዓመት ይቆያል። ቅጠሏን በጓሮዋ ለመትከል ሁለት ጊዜ ሞክራ ሞታባታለች፤ ሥሩን ማድረቅ ግን ይቻላል። ዱሩ ይቆረጥ እንጂ እሷ አስቀድማ ሄዳ ያለውን ሁሉ ነቅላ ብታስቀምጥስ? ምሥጢሩ ሳይወጣ፣ መድኃኒቱ ሳይሻር፣ ልጅቷ ቢያንስ አምስት ክረምትና በጋ በሰላም ትተነፍሳለች። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል። ስለ ሌላው ሰው ሆድና ስለ ሌላው ሰው ፈረስ ለምን እሷ ትጨነቅ? ለዓመታት ስትጨነቅ የኖረችው ለአንዲት ልጅ ነው፤ እሱንም በቅጡ አልጨረሰችውም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ መቆፈሪያዋንና አንድ እንቅብ ይዛ ወረደች። ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ከድንጋዩ አጠገብ ዘጠኝ እግር ቆጠረች፤ በዱሩ ሁሉ ያሉት እነዚህ ብቻ እንደሆኑ ታውቃለች። እናቷ ሁልጊዜ ከዘጠኝ አንድ ነበር የምትወስደው፤ እሷም እንዲሁ። አሁን ግን አንዱን ነቀለች፤ ሁለተኛውን ነቀለች፤ ሦስተኛውን ነቅላ አፈሩን አራግፋ ከእንቅቡ ጨመረች። በአራተኛው ላይ መቆፈሪያዋን አንሥታ ቆመች።

ውቤ ገመዱን እንደገና እዚህ ቢዘረጋ ምን ያገኛል? ምንም። ዘጠኙን ነቅላ ስትወጣ፣ ጎድጓዳው ዱር ያችን ቅጠል የሌለው ዱር ይሆናል። የሰማንያው ወረቀት እስከ ዛሬ ሐሰት የነበረው እሷ ስለዋሸች ነው፤ አሁን ግን በገዛ እጇ እውነት ልታደርገው ነው። መሰንጠቂያው ገና ሳይተከል ቆራጩ መጥቶ ቆፍሯል፤ ስሙም ያለምወርቅ ነው። አምስት ዓመቱስ ሲያልቅ? ያኔ የሻረግ ሃያ ሁለት ዓመቷ ይሆናል። ልጅም ትወልድ ይሆናል፤ ደረቱን የሚይዘው ልጅ። የሻረግ ወደየትኛው ድንጋይ ትሄዳለች? ሄዳስ ምን ብላ ትፈልጋለች፣ የቅጠሏን ስም ሳታውቅ?

ሁለቱን መልሳ ተከለቻቸው፤ አፈሩን በእጇ ጠቀጠቀች፤ በእፍኟ ውሃ አመጣችላቸው። ሦስተኛዋን ከነሥሯ፣ ከነአበባዋ በነጠላዋ ጫፍ አቅፋ ወደ አባ ገብረ ማርያም ቤት ወጣች። በመንገድ ላይ ውሃ ልትቀዳ የምትወርድ ሴት አገኘቻትና እንደምን አደርሽ አለቻት። ያለምወርቅ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መድኃኒት ይዛ ሳለ ሰላምታ መለሰች።

ውቤ ፊቱን እየታጠበ ነበር። የሻረግን አስጠራቻት፤ ደብተሯን እንድታመጣም ነገረቻት። ልጅቷ እየሮጠች መጥታ እንደሆነ ብላ ትንፋሿን አዳመጠች፤ ደህና ነው። ከዚያ ነጠላዋን ፈታች።

«ይህችን ጻፊ» አለች። «ከምንጩ ዳር፣ ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ። ስምንት ቀርተዋል፤ ሁለቱ ይጽደቁ አይጽደቁ አላውቅም። ለትንፋሽ ናት። ያንቺ ናት።»

ስሟንም በአውንጊ ጠራችላት፣ እናቷ በጆሮዋ እንደነገረቻት፤ ግን ጮክ ብላ። እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ ያን ቀን የተጠራው ይበቃል።

የሻረግ ወዲያው አልጻፈችም። ቅጠሏን በመዳፏ ላይ አድርጋ ገለባበጠቻት፤ ሥሯን አሸተተች። ሽታውን ስታውቀው ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እምዬ፣ እስከ ዛሬ የላስኩት ይህችን ነው? ታዲያ አሁን ብትሻርብኝስ?»

«ጻፊ ብያለሁ።»

ጻፈች። ከዚያ ሁሉ መዝገብ ውስጥ ያላማረች አንዲት መስመር ብትኖር ያቺ ናት። ውቤ ያን ቀንና በማግሥቱ ጠዋት ዳገቱን ብቻውን ሲያስስ ዋለና ባዶ እጁን ተመለሰ። ሃምሳና አርባ አንድ፣ ዘጠና አንድ። ሰባ ሁለት ከዘጠና አንድ። ከመቶ ሰባ ዘጠኝ፣ ከትንሽ ፍርፋሪ ጋር። ፍርፋሪው ሰማንያ ያደርሰው እንደሆነ ያለምወርቅ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስቱንም ጊዜ አያደርሰውም አላት። አውቶቡሱ ሲደርስ ወረቀቱንና የታሠሩትን ቅጠሎች ይዞ ሄደ። ከወር በኋላ ሁለቱም ዱሮች እንዲጠበቁ የሚል ደብዳቤ ለምስለኔው መጣ፤ መሰንጠቂያውም ወደ ሌላ አገር ሄደ ተባለ። አባ ገብረ ማርያም ነገሩን ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ሲነግሩ ያለምወርቅን ብዙ አመሰገኗት። የእባቡን ቅጠል ግን እስከ ዛሬ አልተናገሩም።

ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እሷ ታኅሣሥን ትጠብቅ ነበር። የተነቀለችውን ሥር አንድ ቁራጭ ከውቤ አስቀርታ ከምድጃው በላይ ሰቅላ አድርቃዋለች። በየቀኑ ታየዋለች። ሽታው የቀነሰ ይመስላታል፤ ደግሞ ያልቀነሰ ይመስላታል። መልኩ የገረጣ ይመስላታል። ለየሻረግ ሁለተኛ ጋቢ ገዛችላት፤ ከደጅ እንዳትወጣ ከለከለቻት፤ ልጅቷ ግን ወጣች።

ውርጩ የወደቀው የገብርኤል ዕለት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ፤ የሻረግም ከበራፉ አጠገብ እንደቆመች ትከሻዋ ወደ ላይ ወጣ። ያ የወናፍ ድምፅ መጣ። ያለምወርቅ ሥሩን ወቀጠች፤ በችኮላዋ ማሩ ከመሬት ፈሰሰ፤ በተረፈው ለውሳ በጣቷ አላሰቻት። ከዚያ ከኋላዋ ተቀምጣ ጀርባዋን በደረቷ ደግፋ ያዘቻት፣ እንደ ሕፃንነቷ። የልጅቷ የጎድን አጥንት ሲነሣና ሲወድቅ ይሰማታል። እየቆጠረች ዳዊቷን ጀመረች፤ ቁጥሩና ዳዊቱ ተደባለቁባት። ጥላው ከደፉ ተነሥቶ እስከ ምድጃው ድረስ ተሳበ። ዘግይቷል አለች በልቧ፤ አምና እስከዚህ ድረስ አልቆየም። ወይስ ቆይቷል? አምና አልቆጠረችም።

ቀስ እያለ፣ ሲርታው ሳሳ። ትከሻዋ ወረደ። ከንፈሯ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። የሻረግ ዓይኗን ገልጣ አያቷን አየቻት፤ መናገር ግን ገና አልቻለችም።

«ከአምናው ጋር ሲመዛዘን» አለች ያለምወርቅ፣ «ከአሥር ስንቱ ይመሳሰላል?»

ልጅቷ ሁለት እጆቿን አንሥታ ጣቶቿን ዘረጋች። ጥቂት አሰበችና አንዷን አጠፈች።

«አንዷስ?» አለች ያለምወርቅ። «አንዷ ጣት ምን ሆነች?»

የሻረግ ሳቀች። ሳቁ ሳል ቀላቅሎ መጣ፣ ግን ሳቅ ነው። አያቷ አፏን ከፈተች፤ የለመደችው ቃል ከምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አልተናገረችውም። ጋቢውን እስከ አገጯ ድረስ ሳበችላትና ያጠፈቻትን ጣት ይዛ በቀስታ ታቃናላት ጀመር።